በቤይሩት ከተማ የቃል ዋጋ
በባዕድ አገር የሚሠሩ እኅቶቻችንና በአገር ቤት የሚጠብቋቸው ወገኖቻቸው እንደምን ይገናኛሉ?

የቀድሞ ሰዎች ዘመዳቸው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድባቸው ወሬውን የሚጠብቁት ከነጋዴና ከመንገደኛ አፍ ነበር። ደብዳቤ ቢጻፍም አደራ ተቀባዩ ወንዙ እስኪጐድልለት፥ ጓደኛም እስኪያገኝ ድረስ ወራት ያልፉ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የቴሌፎን ሽቦ መዘርጋት በተጀመረ ጊዜ ብዙ ሰው የሰውን ድምፅ በሽቦ ውስጥ መስማትን እንደ ተአምር ቈጠረው። ዛሬ ደግሞ ሽቦውም ቀርቶ ድምፅ ከነመልኩ፥ ሣቅም ከነዕንባው በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል።

ነገር ግን ይህ ጥበብ በየስፍራው በእኩል አልታደለም። ባለጠጋ በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ኢንተርኔትን እንደ አየር ሳያስበው ይጠቀምበታል። በሌላ ስፍራ ግን ሰው ለአንዲት የሰላምታ ቃል የቀን ደመወዙን ያወጣል፤ ከፍሎም ሳለ መሥመሩ በቃሉ መካከል ይቋረጥበታል። ይህ ነገር እንደምን እንደሆነ ለማየት ከሊባኖስ ዋና ከተማ ከቤይሩት የበለጠ ምስክር አይገኝም። ከተማዪቱ ብዙ የኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች ለእንጀራ የሚኖሩባት ስለ ሆነች ጉዳዩ የእያንዳንዳችንን ቤት የሚነካ ነው።

የሊባኖስን ስም ሕዝባችን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ዝግባ ያስመጣው ከዚያ ተራራ ነበርና። አገሩ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 10,452 ኪሎ ሜትር ካሬ ብቻ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ ከመውረዱ በፊት በአንድ ወገን የሜዲትራንያንን ባሕር፥ በሌላው ወገን ክረምት በረዶ የሚለብሰውን ተራራ በአንድ ጊዜ ያያል። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተ ደቡብ በባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ከተማው ሲገባ የባሕሩ ጥግ መንገድ ይገኛል፤ ኮርኒሽ ይሉታል። ማታ ማታ ሽማግሌውም ሕፃኑም በዚያ ይንሸራሸራል፤ ዓሣ አጥማጁ ረጅም ዘንጉን ይዞ በድንጋዩ ላይ ይቆማል፤ በራውሼ በኩልም ከባሕር ውስጥ የወጡት ሁለት ታላላቅ ዐለቶች ይታያሉ። ከተማዪቱ ውብ ናት፤ ውበቷን ግን ለማየት ጊዜ ያለው እንግዳው ነው እንጂ ሠራተኛው አይደለም።

ሠራተኛውን ለማየት የሚፈልግ ሰው በእሑድ ቀን ከመሐል ከተማው ወደ ምሥራቅ ይሂድ። የቤይሩትን ወንዝ ሲሻገር ቡርጅ ሐሙድ የሚባለውን ሰፈር ያገኛል። ይህን ሰፈር የመሠረቱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ከተጀመረው እልቂት ያመለጡ አርመኖች ናቸው። መንገዱ ጠባብ፥ ፎቁ የተጠጋጋ፥ በላዩም የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ሽቦው እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ነው። ከዚያ አለፍ ሲሉ የአውቶቡስና የታክሲ መገናኛ የሆነው ዶራ ይገኛል። በእሑድ ቀን በዶራ የሚሰማው ቋንቋ ዐረብኛ ብቻ አይደለም፤ አማርኛና ኦሮምኛ፥ ትግርኛም፥ የፊሊፒንስና የባንግላዴሽ ቋንቋም ይሰማል። በሱቁ በርበሬና ሽሮ፥ ቡናና ጀበና፥ ነጠላም ይሸጣል። ከሽሮውና ከበርበሬው አጠገብ ደግሞ የማይቀር አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የስልክ ካርድ ነው። ሻጩ የካርዱን ዋጋ ሲናገር የገዢዋን ፊት የሚያይ ሰው፥ ወሩ እንደምን እንዳለፈላት ሊያውቅ ይችላል።

እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው ቢባል አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። የኑሮው መከራ ከመጀመሩ በፊት በሊባኖስ በቤት ሥራ የተሰማሩ የውጭ አገር ሰዎች 250,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመት ነበር፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት ኢትዮጵያውያት ነበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ለቤት ሥራ ወደ ሊባኖስ መሄድን ቢከለክልም ጉዞው በልዩ ልዩ መንገድ ቀጥሏል። የቤት ሠራተኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 በወጣው በአገሩ የሥራ ሕግ ውስጥ አትቈጠርም። መኖሪያዋና ሥራዋ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ጋራ የተሳሰረ ነው፤ ከእርሱ ቤት ከወጣች የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለችው ሴት ስልክ የጨዋታ ዕቃ አይደለም። ለምስክርም፥ ለዳኛም፥ ለዘመድም ምትክ የሚሆን እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ኢንተርኔቱ ስለ ምን እንዲህ የተወደደና የማይታመን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። ምክንያቱ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ አንዱ የመብራት እጦት፥ ሁለተኛው የገንዘብ መውደቅ ነው።

ስለ መብራቱ፦ ኢንተርኔት ምንም እንኳ በዐይን የማይታይ ቢሆን የሚኖረው በኤሌክትሪክ ነው። በቤት ያለው መቀበያ ሣጥን፥ በሰፈሩ ያለው የቴሌፎን ጣቢያ፥ በተራራውና በፎቁ ላይ የቆመው የእጅ ስልክ ማማ ሁሉ መብራት ይሻል። በሊባኖስ የመንግሥቱ መብራት ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሰዓት ልክ የሚታደል ነበር፤ ነዳጅ መግዣ በጠፋ ጊዜ ግን በቀን ወደ ሁለትና ሦስት ሰዓት ወረደ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደይር ዐማርና ዘህራኒ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ቢቆሙ አገሩ በሙሉ ጨለመ። ሕዝቡ የሚኖረው የሰፈር ጄኔሬተር ካለው ሰው መብራት በአምፔር እየተከራየ ነው፤ አምስት አምፔር የተከራየ ቤት ማቀዝቀዣውን ካበራ የልብስ መተኮሻውን ማጥፋት አለበት። ከመንግሥት መብራት ወደ ጄኔሬተር፥ ከጄኔሬተርም ወደ መንግሥት መብራት በተዛወረ ቍጥር የኢንተርኔቱ ሣጥን ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል፤ በዚያ መካከል የነበረ ንግግር ይቈረጣል። በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ቤይሩት አንድ የቴሌፎን ጣቢያ ለጄኔሬተሩ የሚሆን ናፍጣ አጥቶ ብዙ ሺህ ቤት ያለ ኢንተርኔት ቀረ።

ስለ ገንዘቡም፦ የሊባኖስ ሊራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1997 ጀምሮ 1,507 ተኩል በአንድ ዶላር ሆኖ ሃያ ዓመት ያህል ጸንቶ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ግን ይወርድ ጀመር። መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ማለቂያ ዋጋውን 15,000 አደረገው፤ በገበያ ግን በዚያው ዓመት ከ89,000 በላይ ደረሰ። ቀድሞ በወር ከ150 እስከ 200 ዶላር ይከፈላት የነበረች ሴት በሊራ የተከፈላት እንደ ሆነ ደመወዟ በእጇ ላይ እንደ በረዶ ቀለጠ። ብዙዎቹም ጭራሽ ሳይከፈላቸው ቀረ።

የስልኩ ዋጋ በአገሩ ታሪክ ላይ ያደረሰውን ነገርም ማስታወስ ይገባል። ሁለቱ የእጅ ስልክ ኩባንያዎች አልፋና ታች የመንግሥት ገንዘብ ናቸው፤ የቤት መሥመሩም ኦጄሮ በሚባል በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም. መንግሥቱ በዋትሳፕና በመሰሉት መንገዶች በሚደረግ ንግግር ላይ በቀን 20 የአሜሪካ ሳንቲም፥ በወርም እስከ 6 ዶላር ግብር ሊጥል መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ማታ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ። ግብሩ በሰዓታት ውስጥ ቢሻርም ቍጣው አልበረደም፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳዓድ ሐሪሪ ከሥልጣናቸው ወረዱ። ሕዝቡ የተቈጣው ስለ ሌላም ብዙ በደል እንደ ሆነ እርግጥ ነው። ሆኖም የመጨረሻዋ ጠብታ የቃል ዋጋ መሆኗ፥ ሰው እንጀራው ሲጐድልበት ቢታገሥም ከወገኑ ጋራ የሚነጋገርበት መንገድ ሲጠብበት እንደማይታገሥ ያሳያል። በኋላም ሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የስልኩ ዋጋ በዶላር ተተምኖ በጊዜው የሊራ ምንዛሪ እንዲከፈል ተደረገ። በሊራ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ወጪው በአንድ ቀን ብዙ እጥፍ ሆነበት።

ይህ ሁሉ የአገሩን ሰው ያስጨነቀ ከሆነ በአገሩ እንግዳ የሆነችውን ሴት እንደምን አብልጦ አያስጨንቃት! የአገሩ ሰው መሥመር ቢጠፋበት በእግሩ ሄዶ ወንድሙን ያነጋግራል። የእርሷ ወንድም ግን በወሎ ወይም በጅማ፥ በአርሲ ወይም በዓድዋ ነው።

በአሠሪ ቤት ለምትኖረው ኢንተርኔት የሚገኘው ከቤቱ ዋይፋይ ነው፤ የምሥጢር ቃሉንም የምትይዘው ማዳሚቱ ናት። ደግ ማዳም ቃሉን በመጀመሪያው ቀን ትሰጣለች፤ ማታ ሥራ ሲያበቃም «እናትሽን ጠይቂያት» ትላለች። ደግነት የጐደላት ግን ዋይፋዩን እንደ ደመወዝ ጭማሪ ትቈጥረዋለች፤ ብርጭቆ የተሰበረ ቀን ቃሉ ይለወጣል። ስልኩን ጭራሽ የሚቀሙም አሉ። ልጅቱ ከእናትዋ ጋራ በወር አንድ ቀን ለአሥር ደቂቃ፥ ያውም ሌላ ሰው ቆሞ እየሰማት፥ ስትነጋገር ምን ልትል ትችላለች? «ደኅና ነኝ» ትላለች። እናትም ያንን «ደኅና ነኝ» ይዛ ለጎረቤት ትናገራለች። እንግዲህ የቤተ ሰብ የመጀመሪያ ጥበብ ከቃሉ ይልቅ ድምፁን ማድመጥ ነው።

ከአሠሪ ቤት ውጭ በራሳቸው ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። በቡርጅ ሐሙድና በነብዓ አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ከሰፈሩ አከፋፋይ አንድ የኢንተርኔት መሥመር አስገብተው ወጪውን በነፍስ ወከፍ ይካፈላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በዚህ ይፈጸማል። ከሣጥኑ ሥር ትንሽ ባትሪ ያኖራሉ፤ መብራቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛወር ሣጥኑ እንዳይጠፋ ይዞ ያቆይላቸዋል። በየኪሳቸውም ፓወር ባንክ አለ፤ መብራት በመጣ ጊዜ ሁሉ ከእህልና ከውኃ አስቀድሞ የሚሞላው እርሱ ነው። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ በሚጠቀምበት በምሽት መሥመሩ ስለሚጨናነቅ ለረጅም ጨዋታ ማለዳን ይመርጣሉ። ከተማው ሳይነቃ ከወጥ ቤቱ ባንኮኒ አጠገብ ቆመው በሹክሹክታ ከልጆቻቸው ጋራ ይጫወታሉ፤ ልጆቹም ለትምህርት ቤት ሲለብሱ ያይዋቸዋል።

ከሁሉ የሚረዳው ዘዴ ግን የትኛው ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን ማወቅ ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ባይት በሚባል መስፈሪያ ይሰፈራል። የላቲን ፊደል አንዱ አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢሰላ አንድ ሺህ ፊደል ያለው ደኅና ደብዳቤ ሦስት ሺህ ባይት ብቻ ነው። አንድ ሜጋባይት አንድ ሚሊዮን ባይት ስለ ሆነ በዚያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ደብዳቤዎች ይገባሉ። አንድ ፎቶግራፍ ተጨምቆ እንኳ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ባይት በላይ ስለሚሆን ከሠላሳ ደብዳቤ የበለጠ ይመዝናል። ድምፅ ከጽሕፈት እጅግ ይከብዳል፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ደግሞ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ካርዷ ሊያልቅ የቀረበ ሴት መልክ ለማየት ስትታገል ሁለት ደቂቃ ተነጋግራ ትቀራለች፤ ብትጽፍ ኖሮ ግን በዚያው ገንዘብ የዓመት ደብዳቤ ትልክ ነበር።

መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው። የተጻፈ ቃል ወይም በድምፅ ተቀድቶ የሚላክ መልእክት መሥመሩ እስኪመለስ ድረስ በስልኩ ውስጥ ይቆያል፤ መሥመሩ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ቢከፈት ሾልኮ ይሄዳል። የፊት ለፊት ንግግር ግን መሥመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይሞታል። ከዚህ የተነሣ የጥንቱ የደብዳቤ ልማድ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ተመልሶ መጥቷል ማለት ይቻላል። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለው የአባቶች ሰላምታ ዛሬ በትንሽ መስተዋት ላይ ይጻፋል። ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ በድምፅ ይቀዳላታል፤ እርሷም አሥር ጊዜ መልሳ ታዳምጠዋለች። የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ቢሰማ ሌላ ዋጋ አይጠየቅበትም።

የሰዓቱንም ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በበጋቸው፥ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፥ የቤይሩት ሰዓት ከእኛ ጋራ እኩል ነው፤ በክረምታቸው ግን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በላዩ ላይ እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከፀሐይ መውጫ፥ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ «በሁለት ሰዓት እደውላለሁ» የሚል ቃል ብዙ ቤት አሳስቷል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ስለ ረመዳን ጾም ሰዓቱን ማዛወሩን ቢያዘገይ አብያተ ክርስቲያናትና ሌሎች ብዙዎች እንቢ ብለው አዛወሩ፤ አገሪቱም ለጥቂት ቀን በሁለት ሰዓት ኖረች። በዚያ ሳምንት ስንት እናት ያለ ጊዜዋ ስልክ ይዛ እንደ ተቀመጠች እግዚአብሔር ያውቃል።

መሥመር የሚቋረጠው ግን በዚያ ወገን ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ጦርነት ሲሆን ስልኩም ኢንተርኔቱም ለረጅም ጊዜ ጠፋ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል እንዲሁ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በእነዚህ ወራት በቤይሩት የምትሠራ ልጅ ካርድ ነበራት፤ መብራትም ነበራት፤ የሚያነሣላት ግን አልነበረም። የእናቷን መኖርና አለመኖር ሳታውቅ የሌላውን እናት ስታስታምም፥ የሌላውን ልጅ ስታጥብ የኖረች ስንት ናት! ስደተኛን ከሥራው ድካም ይልቅ የሚጐዳው እንዲህ ያለው ዝምታ ነው።

በጭንቅ ቀን መሥመር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቤይሩት ደጋግማ አይታለች። በ2012 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ ገንዘብ የጠፋባቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ሴቶቹም ሻንጣቸውን ተንተርሰው በመንገድ ዳር አደሩ። ዓለም ይህን ያወቀው በስልክ በተነሣ ሥዕል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ በወደቡ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በከተማውም ብዙ መስኮት ረገፈ። ከመስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የእስራኤል አውሮፕላኖች ድብደባ ሲበረታም አሠሪዎቻቸው ትተዋቸው የሸሹ፥ በርም የተቈለፈባቸው ሴቶች ነበሩ። በየመጠለያው የሚያስገባቸው ያጡት በኮርኒሽ ላይ ያደሩ ሲሆን፥ በአሽረፊየ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ብዙዎችን ተቀበለ። ተኵስ ማቆሙ በሥራ ላይ እስከ ዋለበት እስከ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ወዴት መሸሽ እንደሚሻል፥ የት ዳቦና ብርድ ልብስ እንደሚገኝ የሚነገረው ከእጅ ወደ እጅ በስልክ ነበር። ስደተኞቹ ራሳቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ያቋቋሙት «እኛ ለኛ በስደት» የተባለው ማኅበርም በእነዚህ የመከራ ጊዜያት ምግብና መጠለያ እያፈላለገ እኅቶቹን ረድቷል። በእንዲህ ያለ ቀን ጥቂት ዳታ ያስቀረች ሴት፥ ባትሪዋንም የሞላች፥ ከሌላይቱ ይልቅ ለሕይወቷ ተስፋ አላት።

እንግዲህ በአገር ቤት ያላችሁ ወላጆች፥ ባሎች፥ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ! ልጃችሁ በዚያ ለምትከፍለው ዋጋ እናንተም በዚህ ልትረዷት ትችላላችሁ። ብር ባይኖራችሁም የሚከተለውን ማድረግ አያቅታችሁም።

አስቀድሞ ቀንና ሰዓት ወስኑ። በምን ዓይነት ሰዓት እንደምትቈጥሩም ተስማሙ። በተወሰነው ጊዜ ስልኩ በእጃችሁ ይሁን፤ እርሷ ደውላ የሚያነሣ ስታጣ ካርዷም ልቧም ያልቃልና።

ሁለተኛ፥ የሚነገረውን አስቀድማችሁ አስቡ። አምስቱ ደቂቃ በ«እሺ፥ እንዴት ነሽ» ካለቀ በኋላ የመሬቱ ክርክር ወይም የልጁ ሕመም ሲጀመር መሥመሩ ይቈረጣል፤ እርሷም የግማሹን ወሬ ይዛ ሌሊቱን ስታስብ ታድራለች። ከባዱን ነገር በጽሕፈት ወይም በተቀዳ ድምፅ ሙሉ አድርጋችሁ ላኩላት።

ሦስተኛ፥ የማያስፈልግ ሥዕልና ቀልድ አትላኩላት። እርሷም በስልኳ ውስጥ ሥዕል ሳይጠየቅ ራሱ እንዳይወርድ የሚያግደውን ምልክት ታብጅ። መልኳን ለማየት የምትናፍቁ ከሆነ ለበዓል ቀን፥ ነጻ ዋይፋይም ላገኘችበት ሰዓት አቆዩት።

አራተኛ፥ መልእክታችሁ ሳይደርስ ቢቀር አትሸበሩ። በዋትሳፕ አንድ ምልክት ብቻ ከታየ መልእክቱ ተልኳል፥ ለእርሷ ግን ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ሁለት ሲሆን ደርሷል። ሳይደርስ አንድ ቀን ቢያድር መብራት ጠፍቶባት ይሆናል። ብዙ ቀን ከዘገየ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ጓደኞቿን ጠይቁ። ስለዚህ ከመሄዷ ወይም መሥመሩ ደኅና ሳለ የአሠሪዋን ስምና አድራሻ፥ የሁለት ጓደኞቿን ቍጥር፥ የቆንስላውን ቍጥር፥ የፓስፖርቷንም ሥዕል ተቀብላችሁ በቤታችሁ አኑሩ። ቍጥሮቹን በወረቀትም ጻፏቸው፤ ስልክ ሲጠፋ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

አምስተኛ፥ በእርሷ ስም «ቸግሮኛል፥ በፍጥነት ገንዘብ ላኩ» የሚል ጽሕፈት ቢመጣ ድምፅዋን ሳትሰሙ አትላኩ። የመሥመር መጥፋት ለአታላይ ይመቸዋልና።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉ ይበልጣል። ልጃችሁ በደወለች ቍጥር ስለ ገንዘብ ብቻ አትጠይቋት። በቤይሩት አንዲት ደቂቃ በምን እንደምትገዛ ከላይ አይተናል፤ በብዙ ድካም በተገዛችው ደቂቃ የምትሰማው የጎደለውን ዝርዝር ብቻ ከሆነ፥ ቀስ በቀስ መደወል ትፈራለች። የዝናቡን መምጣት ንገሯት፤ ላሚቱ መውለዷን፥ ሕፃኑ ሁለት ጥርስ ማብቀሉን፥ ጎረቤት ሠርግ መደገሱን ንገሯት። ሕፃኑን አቅርባችሁ «እማዬ» ሲል አሰሟት። ይህ ቃል ብዙ ባይት አይመዝንም፤ ሰኞ ማለዳ ባልዲና መጥረጊያ ይዛ ስትነሣ ግን የሚያጸናት እርሱ ነው።